የቫይራል ሎድና የሲዲ ፎር ወረቀታችሁን እንዴት ታነባላችሁ?

የምሠራው ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ደም እቀዳለሁ፣ ናሙና አዘጋጃለሁ፣ ውጤት አስረክባለሁ። በመስኮቷ በኩል ከሁሉ በላይ የምሰማው ጥያቄ «እህቴ፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» የሚለው ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ሲዲ ፎራቸው ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው ብዙ አይነግራችሁም። ሰው አንድ ቁጥር ይዞ ሲሰበር፣ ወይም አንድ ቁጥር አይቶ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒት ሲተው ማየት ያመኛል። ስለዚህ ኤች አይ ቪ ዓመታት ሲቆይ በደማችን ሴሎች ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ያንንም ከወረቀቱ ላይ እንዴት እንደምታነቡት ልጻፍላችሁ። መድኃኒት ለምትወስዱ፣ ለምታስታምሙም ሁሉ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከሴሎቹ ጋር እንተዋወቅ። ደማችን ውስጥ ቀይ ሴል፣ ነጭ ሴልና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት አሉ። በሽታ የሚከላከሉት ነጮቹ ናቸው፤ እነሱም ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከነጮቹ መካከል ሊምፎሳይት የሚባሉት አሉ። ከሊምፎሳይቶቹ ደግሞ ቲ ሴሎች አሉ። ከቲ ሴሎቹ ላያቸው ላይ ሲዲ 4 የሚባል ፕሮቲን ያላቸውን ነው በተለምዶ «ሲዲ ፎር» የምንላቸው።

ሲዲ ፎር ራሱ ብዙ ጀርም አይገድልም። ሥራው የዕድር ጥሩምባ ነፊ ዓይነት ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመላልሰው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ካልነፋ ግን ማንም አይሰበሰብም። ሲጠራቸው ከሚመጡት አንዱ ሲዲ 8 ነው፤ በቫይረስ የተያዘ ሴል ፈልጎ ይገድላል። ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ሞኖሳይት ደግሞ ጀርሙን ይውጣል። ሲዲ ፎር ሲያልቅ ታዲያ ጉዳቱ የአንድ ሴል ብቻ አይሆንም። ሌሎቹ ቢኖሩም መቼና የት እንደሚሠሩ የሚነግራቸው ያጣሉ።

ቫይረሱ ሲቆይ ምን ያደርጋል?

ኤች አይ ቪ ወደ ሴሉ የሚገባው በዚሁ በሲዲ 4 ፕሮቲን በኩል ነው። ሌላ ሁለተኛ መያዣም ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር 5 የሚባለውን ይጠቀማል። ከገባ በኋላ የራሱን መረጃ ወደ ዲኤንኤ ቀይሮ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይቀላቅላል። ከዚያ ሴሉ ሳይወድ በግዱ ቫይረስ ያመርታል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እዚህ ድረስ ያለውን ነው፤ ይገባል፣ ይባዛል፣ ሴሉን ይገድላል። ያም አለ። ትልቁ እልቂት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ሊምፍ ዕጢ ውስጥ ከሚሞቱት ሲዲ ፎሮች አብዛኞቹ ቫይረሱ ገብቶ ሥራውን ያልጨረሰባቸው ናቸው። ሴሉ ውስጡ እንግዳ የሆነ የዲኤንኤ ቁራጭ እንዳለ ያውቃል፤ ራሱንም ያጠፋል። ሲሞት ታዲያ ዝም ብሎ አይሞትም። መቆጣት (በሕክምናው ኢንፍላሜሽን የሚባለውን) የሚያመጡ ኬሚካሎችን ይለቃል። ኬሚካሎቹ ሌሎች ሲዲ ፎሮችን ወደዚያው ቦታ ይጠራሉ። የመጡትም በተራቸው ያው ዕጣ ይደርሳቸዋል። ለመርዳት የመጣ ሁሉ አብሮ እያለቀ ዓመታት ይሄዳል።

ሌላው ጉዳት ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ከሰውነታችን ሊምፎሳይት በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሊምፍ ዕጢ፣ ጣፊያ፣ አንጀትና ሌላም ቦታ ነው ያለው። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጀት ሲዲ ፎሮች በብዛት ያልቃሉ። ሰውየው በዚያን ሰሞን ጉንፋን የመሰለ ነገር ይሰማዋል፤ ወይ ምንም አይሰማው። የአንጀቱ ግድግዳ ግን ይሳሳል። ከባክቴሪያ የተቆራረሰ ነገር ወደ ደም መሹለክ ይጀምራል። የመከላከያ ሴሎቹም ዕረፍት ያጣሉ።

ሥር የሰደደ የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን ዋና መልኩ ይኸው ነው፤ የማይበርድ መቆጣት። ሲዲ 8 ይበዛል። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ሲዲ 4 ከሲዲ 8 ይበልጣል፤ እዚህ ይገለበጣል። ሲዲ 8 በቁጥር ቢበዛም ጉልበቱ ይዝላል፤ ላዩ ላይ ፒዲ 1 የሚባል «በቃህ» የሚል ምልክት እየበዛ ሥራውን ያቀዘቅዘዋል። ቢ ሴሎች ያለ ልክ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ፤ የድሮ በሽታና ክትባት የሚያስታውሱት ግን ይቀንሳሉ። ሞኖሳይቶችም ተቆጥተው ይቆያሉ፤ ይህ ደግሞ የደም ሥርን ይጎዳል። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ድረስ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ደህና መስሎ በሚሄድበት በዚያ ጊዜ ሁሉ ውስጡ ይኸው ሥራ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። «ምንም አያመኝም፣ ለምን መድኃኒት ልጀምር?» ለሚል ሰው መልሴ ይኼ ነው።

መጀመሪያ ቫይራል ሎዱን እዩ

መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች፣ ወረቀት ስትቀበሉ ዓይናችሁ መጀመሪያ ቫይራል ሎድ ላይ ይረፍ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የቫይረሱ ቅጂ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የሚያሳየውም እሱ ነው። ሲዲ ፎር ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

«ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» ወይም «ቲኤንዲ» ተብሎ ከተጻፈ ማሽኑ ቫይረሱን ደም ውስጥ አላገኘውም ማለት ነው። ከ50 በታች ተብሎ ከተጻፈም ደስ ይበላችሁ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ለማበረታታት የሚባል ነገር አይደለም፤ በብዙ ሺህ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። አንዱ ያለበት ሌላው የሌለበት ጥንዶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ለነገሩ ገና የጋብቻ ምርመራ ሳይመጣ ሁሉም ወጣት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ቁጥሩ ከ1000 በላይ ከሆነ ቫይረሱ አልተገታም ማለት ነው። ያኔ ኬዝ ማናጀሯ ወይም ነርሷ ታስጠራችኋለች። አትደንግጡ፣ አትሽሹም። ስለ አወሳሰዳችሁ ትጠይቃችኋለች። እባካችሁ እውነቱን ንገሯት፤ ማታ ሥራ ስለምገባ ይረሳኛል፣ ባለቤቴ አያውቅም፣ ተከራይቼ ስለምኖር ብልቃጡን መደበቂያ አጣሁ፣ የሆነውን ሁሉ። ለእያንዳንዱ መላ አለው። ምክሩ ለጥቂት ወራት ይቆያል፤ ከዚያ ደም ተወስዶ እንደገና ይለካል። አሁንም ካልወረደ ሐኪሙ መድኃኒት ስለመቀየር ያስባል። በመካከል ያለ ቁጥርም ይመጣል፤ ለምሳሌ 80 ወይም 140። አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ተመልሶ የሚጠፋ ትንሽ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። በሚቀጥለው ምርመራም ከታየ ግን ጠይቁ።

ቫይራል ሎድ እኛ ጋ አይሠራም። ናሙናው ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ዘገየ ብላችሁ ክፉ ነገር አታስቡ። መድኃኒት በጀመራችሁ በ6ኛው ወርና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ በዓመት አንዴ ነው የሚለካው። ዓመቱ አልፎ ማንም ካልጠራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ሲዲ ፎርን ሳትደነግጡ ማንበብ

ቆየት ብለው መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ሲዲ ፎርን እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚያዩት። አልፈርድባቸውም። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያኔ ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ያልወረደ ሰው፣ ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት፣ «ገና አልደረስክም» ተብሎ ይመለስ ነበር። በኋላ መስፈርቱ 350 ሆነ፣ ከዚያ 500። እ.ኤ.አ. በ2015 ስታርት የሚባለው ጥናት ውጤት ወጣ። ከ4,600 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ሁሉም ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ ነበር። ወዲያው የጀመሩት ከባድ ሕመምና ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ሲዲ ፎር ማንንም መድኃኒት አያስከለክልም። ዛሬ ተመርምሮ የተገኘበት ሰው ዛሬውኑ፣ ወይ በቀናት ውስጥ ይጀምራል። ቁጥሩ አሁን የሚያገለግለው ለሌላ ነገር ነው። መከላከያችሁ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ምን ተጨማሪ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋችሁ ያሳያል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የሲዲ ፎር ብዛት ነው የሚናገረው። መጻሕፍት ላይ የአዋቂ ጤነኛ ሰው መጠን ከ500 እስከ 1500 ተብሎ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ የእኛው ሰፈር ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ፋይበር ፋብሪካንና የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሠራተኞች ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። በዚያ ፕሮጀክት ጥናቶች ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎራቸው ከሆላንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመከላከያ ሴሎቻቸውም ይበልጥ የነቁ ነበሩ። የአንጀት ትላትልና ሌሎች ተደጋጋሚ ኢንፌክሽኖች ለዚህ ድርሻ እንዳላቸው ይታሰባል። ስለዚህ 600 አግኝታችሁ ኢንተርኔት ላይ የፈረንጅ 1100 ስታዩ አትሸበሩ። የእኛ መነሻ ከፍታ የእነሱን ያህል አይደለም።

ደግሞ ቁጥሩ በጤና ሰው ላይም ይወጣል ይወርዳል። በቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ወደ እኩለ ቀን አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ማታ ከፍ ይላል። ጉንፋን፣ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ይቀንሰዋል። ፕሬድኒሶሎን የመሰለ መድኃኒት ይቀንሰዋል። እርግዝናም ይቀንሰዋል፤ የደሙ ፈሳሽ ስለሚበዛ ሴሎቹ ይሳሳሉ። ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው አንድ አምስተኛ ያህል ወዲያ ወዲህ ማለት ብዙ ትርጉም የለውም።

ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። በአንዱ 520፣ በአዲሱ 430። መስኮቷን ይዛ እንባዋ መጣ። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ከዳኝ» አለች። አፍንጫዋ በጉንፋን ታፍኗል። ደም የሰጠችው ረጅም ወረፋ ጠብቃ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። «እትዬ፣ ይህቺን መስመር እዩልኝ» ብዬ ከቁጥሩ ሥር ያለውን ፐርሰንት በስክሪብቶ ከበብኩላት። በፊትም 27፣ አሁንም 27። ቀጥሎ ቫይራል ሎዷን አሳየኋት፤ አልተገኘም ይላል። ፐርሰንቱ ከሊምፎሳይቶቿ መካከል ሲዲ ፎር ስንት እጅ እንደሆነ ነው የሚናገረው። በጉንፋኑ ሰሞን ሊምፎሳይቷ በሙሉ ትንሽ ስለቀነሰ ቁጥሩ ወረደ። ድርሻው ግን ንቅንቅ አላለም። ወረቀቶቹን ደራርባ፣ ሁለቱን 27ቶች በጣቷ ደጋግማ ነክታ ነው የሄደችው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሁለት ቁጥር ሳይሆን ሦስት አራት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፐርሰንት ካለ አብራችሁ እዩት። አካሄዱ ወደ ላይ ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፣ ወይስ በተከታታይ ወደ ታች? የሚያሳስበው ተከታታዩ መውረድ ነው፤ በተለይ ቫይራል ሎዱ አብሮ ከወጣ። ሲዲ 8 የተለካላችሁ ከሆነ የሁለቱን ንጽጽርም (ሲዲ 4 ለሲዲ 8 ተካፍሎ) ተመልከቱ፤ ከ1 በታች መሆኑ የተለመደ ነው፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሻሻላል።

ደም ከመስጠታችሁ በፊት

መጾም አያስፈልግም፤ ለስኳር ወይም ለቅባት አብሮ ካልታዘዘ በቀር። ቁርስ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፤ ደም ሥራችሁም ቶሎ ይገኛል። የዛሬውን ክኒን «ለምርመራው ብዬ» አትዝለሉ። ውጤቱን ለማነጻጸር እንዲመች ሁልጊዜ በተቀራረበ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት ጠዋት ስጡ። ትኩሳት ወይም ጉንፋን ካለባችሁ፣ ሰሞኑን ሌላ መድኃኒት ከወሰዳችሁ፣ ክትባት ከተከተባችሁ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ለምንቀዳው ሰዎች ንገሩን።

ደሙ የሚገባው ክዳኑ ወይን ጠጅ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። ስንቀዳ በዝግታ ስምንት አሥር ጊዜ ያህል ስንገለባብጠው ታዩናላችሁ። ደሙ ከረጋ ሴሎቹ እዚያው ተይዘው ይቀራሉ፤ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። ለሲዲ ፎር የሚሄደው ደም ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጣል። የቫይራል ሎዱ ደግሞ ቶሎ ተሽከርክሮ ፈሳሹ ይለያል፣ ያ ነው የሚቀዘቅዘው። ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ጠርሙሱ ላይ ስንጽፍ አብራችሁ አንብቡ። ይህን ስታደርጉ የሚቆጣችሁ ባለሙያ ሊኖር አይገባም።

ሌላኛው ወረቀት፣ ሲቢሲ

ሲቢሲ የደም ሴሎች ጠቅላላ ቆጠራ ነው። እሱ ላይ የነጭ ሴል ጠቅላላ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ደህና ስለሆነ ብቻ ሲዲ ፎር ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱ። ሄሞግሎቢን የደም ማነስን ያሳያል። የቆየ ኤች አይ ቪ ራሱ፣ ቲቢ፣ ወይም ዚዶቩዲን የሚባለው መድኃኒት ሊያወርደው ይችላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የእኛ ሄሞግሎቢን ቆላ ካለ ሰው ወደ አንድ ግራም ያህል ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ አዋሳኝ ላይ ያለ ቁጥር «ደህና ነው» ተብሎ ቢታለፍም ድካም ካለባችሁ አስታውሱ። ፕላትሌት ከ150 ሺህ በታች ከሆነም ለሐኪሙ አሳዩት፤ ቫይረሱ በቀጥታ ሊቀንሰው ይችላል።

ከ200 በታች ሲሆን

ይህ ቁጥር ለብቻው ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። ከ200 በታች የሆነ ሰው በሽታው ገፍቷል ይባላል፤ መልኩ ደህና ቢሆንም። ቀጠሮ የምትጠብቁበት ጉዳይ አይደለም። የቲቢ ምርመራ ይደረግላችሁ፤ ሳል ባይኖርም። የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ ይጠየቅላችሁ። ይህ ፈንገስ ማጅራት ገትር ያመጣል፤ ራስ ምታቱ ሳይጀምር ደም ውስጥ ሊገኝና ሊታከም ይችላል። ብዙዎቻችን ባክትሪም የምንለው ኮትሪሞክሳዞልም ይጀመርላችኋል። የሳንባና የአንጎል ኢንፌክሽን ስለሚከላከል «ክኒን በዛብኝ» ብላችሁ አትተዉት። የሚብስ ራስ ምታት፣ የአንገት መድረቅ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሂዱ።

አንድ የምታውቁት ነገር ይሁን። በጣም ወርዶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊብስበት ይችላል። ሴሎቹ ሲነቁ ተደብቆ የነበረ ቲቢ ላይ ይዘምታሉ፤ ዕጢ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል። «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብለው የሚያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። አታቁሙ። ወደ ሐኪም ሂዱ እንጂ።

ቁጥሩ አልጨምር ሲል

መድኃኒት ከተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ሲዲ ፎር በአማካይ ከ50 እስከ 150 ያህል ይጨምራል። ከዚያ በዝግታ። በጣም ወርዶ የጀመረ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ላይ ይዘገያል። ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ቫይረሳቸው ለዓመታት ሳይታይ ሲዲ ፎራቸው 250 ወይም 300 ላይ ይቆማል። ጥፋታቸው አይደለም። ሊምፍ ዕጢው ውስጥ ለዓመታት የነበረው መቆጣት ጠባሳ ጥሏል፤ አዲስ ሴል የሚያድግበት ቦታ ጠቧል። ተልባና ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በየገበያው «ሲዲ ፎር ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ይህን አይጠግነውም። ገንዘባችሁን ለእንቁላልና ለምስር አውሉት። ባህላዊ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ አንዳንዱ ጉበትን ይጎዳል፣ አንዳንዱ ከክኒኑ ጋር ይጋጫል።

«አሁንማ የለም» ብሎ ማቆም

ቫይራል ሎድ ላይ አልተገኘም ማለት ከሰውነት ጠፋ ማለት አይደለም። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ቫይረሱ ራሱን ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይቀላቅላል። ከነዚህ ሲዲ ፎሮች ጥቂቶቹ ረጅም ዕድሜ ያላቸው የትዝታ ሴሎች ናቸው፤ ምንም ሳይሠሩ ለዓመታት ያንቀላፋሉ። መድኃኒቱ ሥራ ላይ ያለን ቫይረስ ነው የሚያቆመው፤ የተኛውን አያገኘውም። ክኒን ሲቆም አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለሳል።

«አርፌ እቀጥላለሁ» የሚለው ሐሳብ በደንብ ተሞክሯል። ስማርት በተባለው ጥናት ከ5,400 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ሲዲ ፎራቸው ከ350 በላይ ሲሆን መድኃኒት ያቆሙ ነበር፤ ከ250 በታች ሲወርድ ይጀምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቱ ቆመ፤ ያቋርጡ የነበሩት ላይ ሞትና ከባድ ሕመም በዝቶ ነው። የሚገርመው የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም በነሱ ላይ መብዛቱ ነው። የተመለሰው መቆጣት የሚጎዳው ሲዲ ፎርን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ በደንብ ታየ።

እንጦጦ ወይም ሌላ ጸበል ቦታ የምትገቡ ወገኖቼ፣ ክኒናችሁን ይዛችሁ ግቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። በጾም ወቅት ሰዓቱ ካስቸገራችሁ ነርሷን አማክሩ። አሁን ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን በቀን አንዴ ስለሆነ ማታ ከምግብ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ሙስሊሞችም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ አድርጋችሁ ሰዓቱን መጠበቅ ትችላላችሁ።

ቫይረሱ ተገትቶም የሚቀረው

መድኃኒት መቆጣቱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ያለውም ሰው ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ደም ግፊታችሁ በየቀጠሮው ይለካ። ስኳርና ቅባት ይታይ። ሲጋራ ካለ ይቁም። የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ወስዳችሁ ካላወቃችሁ ጠይቁ። ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጉ። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ሌላ ቫይረስ ነው፤ የተዳከመ መከላከያ እሱን ቶሎ አያባርረውም፤ ካንሰሩም ከሌላው ሴት በቶሎ ይመጣል። አልማዝ ባለጭራ ከወጣባችሁም አሳዩ፤ ሲዲ ፎር ገና ሳይወርድ ቀድሞ ከሚመጡት ነው።

ዶሉቴግራቪር የምትወስዱ ሰዎች የደም ማነስ ክኒን፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ ስትወስዱ ተጠንቀቁ። አይረን፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና አልሙኒየም መድኃኒቱን ይይዙትና ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዶሉቴግራቪሩን ከነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ፣ ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ ውሰዱ። አይረንና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ ይቻላል፤ የጨጓራውን ግን ሁልጊዜ ለዩት። እርጉዝ ሴቶች አይረን ስለሚሰጣቸው ይህ በተለይ ይመለከታቸዋል። የቲቢ ሕክምና ስትጀምሩም የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን ንገሩ፤ የቲቢው ሕክምና ሪፋምፒሲን የሚባል መድኃኒት ስላለው ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት።

ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣው ሰው ብዙው ከመሀል ከተማ የተነሳ፣ ወይ ከክፍለ ሀገር የገባ ነው። ቤት ስትቀይሩ ከድሮው ጤና ተቋም የዝውውር ወረቀት ውሰዱ። መጀመሪያ የነበረው ሲዲ ፎር፣ የመጨረሻው ቫይራል ሎድ፣ የምትወስዱት መድኃኒትና የጀመራችሁበት ቀን እዚያ ላይ ይጻፍ። እሱ ሳይመጣ ከቀረ እኛ የምናየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አካሄዱን ማየት አንችልም። ውጤቶቻችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ሌላ ሰው በማይከፍተው ቦታ አኑሩ። ዋናዎቹን በፕላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በቀኑ ቅደም ተከተል፣ አዲሱ ከላይ። ወረቀት ከጠፋባችሁም እፍረት አይያዛችሁ፤ ካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከመዝገቡ ፈልገን እንጽፍላችኋለን።